ጥያቄ፦ ሌክ ሚድ ላይ ንፋስ ቢነሳ ፖንቱን ጀልባ እንዴት ይነዳል?

ጠያቂ (ላስ ቬጋስ)

ሰላም ለሁላችሁ። የፊታችን ቅዳሜ ሌክ ሚድ ላይ ፖንቱን ጀልባ (ባዶ የብረት ቱቦዎች ላይ የተነጠፈ ጠፍጣፋ ወለል ያላት) ልንከራይ ነው። ጀልባዋ 24 ጫማ፣ ባለሁለት ቱቦ፣ ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ነው። 11 ሰዎች ነን። አንዲት የ70 ዓመት እናትና ከ4 እስከ 10 ዓመት የሆኑ ሦስት ልጆች አብረውን አሉ። ከሄመንዌይ ሃርበር ማሪና (የጀልባ ወደብ) ተነስተን ቦልደር ቤዚን የሚባለውን ሰፊ የሐይቁን ክፍል አቋርጠን፣ ናሮውስ በሚባለው ጠባብ መተላለፊያ በኩል ወደ ሌላው ሰፊ ክፍል፣ ወደ ቨርጂን ቤዚን፣ ልንዘልቅ አስበናል። ትንበያው ከደቡብ ምዕራብ ከ10 እስከ 15 ማይል በሰዓት ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አልፎ አልፎ እስከ 25 የሚደርስ። ስንት ጫማ ሞገድ ሲሆን ነው መመለስ ያለብን? ሞገዱ ፊት ለፊት ነው ወይስ በሰያፍ የሚገጠመው? ጀልባዋን ስረከብስ ምን ልመርምር? የምታውቁ እባካችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ ንገሩኝ።

መልሕቅ

ሰላም ወንድሜ። መጀመሪያ መንገዱን ቀይር። ሄመንዌይ ያለው በሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ ነው። የደቡብ ምዕራብ ንፋስ እዚያ ከየብስ ወደ ውኃው ስለሚነፍስ ማሪናው አጠገብ ሞገድ ለመሥራት ቦታ አላገኘም። ዶክ (ጀልባ የሚታሰርበት መድረክ) ላይ ቆመህ ስታየው ጸጥ ያለ ይመስልሃል። ክፍቱን ውኃ እያቋረጠ በሄደ ቁጥር ግን ሞገዱ ያድጋል፤ በሰሜን፣ ካልቪል ቤይ አፍ ላይ ስትደርስ ሌላ ሐይቅ ነው የሚጠብቅህ። ስትሄድ ንፋሱ ከኋላ እየገፋህ ስለሆነ ብዙም አይታወቅህም። ስትመለስ ያ ሁሉ ፊትህ ላይ ነው፣ ያውም ከሰዓት በኋላ ንፋሱ በበረታበት ሰዓት፣ ልጆቹ በደከሙበት።

ናሮውስ ደግሞ ግራና ቀኙ ቋጥኝ ነው። የትልልቅ ጀልባ ሞገድ ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል፤ የሚሄደውና የሚመለሰው ሲጋጩ አጭር፣ ቀጥ ብሎ የሚነሳ፣ አቅጣጫው የማይታወቅ ሞገድ ይሠራሉ። ባለሁለት ቱቦ የምትጠላው ይህንኑ ነው።

በዚህ ጭነት 1 ጫማ ሞገድ ችግር የለውም። አንድ ጫማ ተኩል ሲሆን ተመለሱ። 2 ጫማ ሲሆን ክፍት ውኃ ላይ መገኘት የለባችሁም። ባለሦስት ቱቦ ብትሆን 2 ጫማውን ትችለዋለች፣ 3 ላይ እሷም ትቸገራለች። ሞገድን ከጀልባ ላይ ሆኖ በዓይን መለካት ስለሚያሳስት ነጭ አረፋውን ተመልከት። እዚህም እዚያም ብቅ ሲል ንፋሱ 12 ማይል ገደማ ነው፤ በየቦታው ከታየ 15 አልፏል። 20 ከሆነ ከዶክ አትውጡ። የብሔራዊ አየር ጠባይ አገልግሎት ለሐይቁ የንፋስ ማስጠንቀቂያ ካወጣ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አያስፈልግም፣ ቀኑን ሰርዝ።

ወሩ ኦገስት ነው፣ የሞንሱን ወቅት። ነጎድጓዱ ሩቅ ቢሆንም ከሥሩ የሚወርደው ንፋስ ዝናቡን ቀድሞ ይደርሳል፤ ከ40 ማይል ሊያልፍም ይችላል። ከተራራው ግርጌ እንደ ግድግዳ የቆመ አቧራ ካየህ ወይም ሙቀቱ ድንገት በረድ ካለ ወደ ማሪናው ለመድረስ አትሩጥ። ንፋሱን የሚከልል የቅርብ ኮቭ (ወደ የብስ የገባ ትንሽ የውኃ ጥግ) ግባና አሳልፈው።

ባጭሩ የኪራይ ቦታው እንደከፈተ ውጡ፣ ምዕራቡን ዳርቻ ሳትለቁ አንድ ኮቭ ያዙ፣ ከቀትር በፊት ተመለሱ።

ሞተረኛው

ስለ አነዳዱ እኔ ልጨምር። ፖንቱን በሞገድ ብዙውን ጊዜ የምትጎዳው በፊቷ በኩል ነው። ሦስት አራት ሰው ፊት ሶፋ ላይ ተቀምጧል እንበል። ነጂው ሞገድ ሲያይ ይደነግጥና ጋዙን ባንዴ ይለቀዋል። አፍንጫዋ ትወርዳለች፤ ከኋላዋ ስትጎትተው የመጣችው የራሷ ሞገድ ደግሞ ይደርስና ኋላዋን ያነሳዋል። በዚያችው ቅጽበት የፊቱ ሞገድ ቱቦዎቹን አልፎ በበሩ ሥር ይገባና ምንጣፉ ላይ ይተኛል። ወለሉ 8 ጫማ ተኩል ስፋት አለው፤ ከፊት 6 ጫማ ያህሉ ላይ 4 ኢንች ውኃ ቢቆም ክብደቱ ከ1,000 ፓውንድ ይበልጣል። ያ ሁሉ ፊት ላይ ስለሆነ ለሁለተኛው ሞገድ አፍንጫዋ አትነሳም። ሰዉ ደግሞ እግሩ ሲርስ ብድግ ብሎ ይተራመሳል።

ስለዚህ ገና ሞገድ ሳይጀምር ሰውን ከመሪው ወደ ኋላ አስቀምጥ። በረዶና ውኃ የሞላበትን ኩለርም እንዲሁ። ፊት ሶፋ ላይ ማንም አይቀመጥ። ከበሩ ውጭ እግር አንጠልጥሎ መቀመጥማ በጸጥታ ውኃም ክልክል ነው፤ የወደቀ ሰው በሁለቱ ቱቦዎች መካከል አልፎ በቀጥታ ፕሮፔለሩ ጋ ይደርሳል።

ትሪሙን (ሞተሩን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዘነብለውን) ትንሽ ወደ ላይ አድርገው፣ አፍንጫዋን ያነሳልሃል። ሞተሩ ድምፁ ድንገት ቀጥኖ ቢጮህና ጀልባዋ ባትገፋ ፕሮፔለሩ አየር ስቧል ማለት ነው፤ ጋዝ ቀንስ፣ ትሪሙን ጥቂት መልሰህ አውርድ። ፍጥነትህ አፍንጫዋ ቀና ብላ የምትቆይበት ዝቅተኛው ፍጥነት ይሁን፣ በአብዛኛው ከ7 እስከ 10 ማይል ነው። ሞገዱ ከመድረሱ በፊት ቀስ ብለህ ቀንስ፣ የራስህ የኋላ ሞገድ ቀድሞህ ይለፍ። ከዚያ አፍንጫዋ መውጣት ስትጀምር ጥቂት ጋዝ ጨምር፣ ጫፉ ላይ ስትደርስ አላላ። ትልልቅ ጀልባዎች ለሚተዉት ሞገድም ያው ነው።

አንግሉን ብዙ ሰው 45 ዲግሪ ይላል። ለሌላ ጀልባ ይሁን፤ ባለሁለት ቱቦ ላይ ግን 45 ሲሆን አንዱ ቱቦ ተነስቶ ሌላው ይወርድና ወለሉ ይወላገዳል፣ ሰው ወደ ጎን ይንሸራተታል። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ይበቃል። አንዱ ቱቦ ቀድሞ ስለሚቀበለው ምቱ ይለዝባል። በጎንህ የሚመታህ ከሆነ መንገድህን ሰብረህ በዚግዛግ ሂድ። ሞገዱ ከኋላ ከሆነ ደግሞ የአንዱን ሞገድ ጀርባ ተከተል እንጂ ጫፉን አትለፈው፤ ካለፍከው አፍንጫዋ የፊተኛው ሞገድ ውስጥ ትሰካለች።

ለመዞር ስትፈልግ አትቸኩል። ሞገድ በቡድን በቡድን ነው የሚመጣው። ትልልቆቹ ይለፉና ረገብ ሲል መሪውን ሙሉ ጠምዝዘህ ጋዝ ሰጥተህ ቶሎ ዙር።

ፀሐይ

እኔ የሚመስለኝ ሞገዱ ሲበዛ ሞተሩን ኒውትራል አድርጎ እስኪያልፍ መጠበቅ ነው። መታገል ምን ያደርጋል?

ሞተረኛው

እህቴ፣ ይህን ማንም እንዳያደርገው። የፖንቱን ጎን ከፍ ያለ አጥር ስለሆነ ንፋስ ይይዛል። ሞተሩ ካልገፋ ንፋሱ ይጠመዝዛትና ጎኗን ለሞገዱ ትሰጣለች፤ ቀጥሎም ወደ ቋጥኙ ትነዳለች። መሪ የሚሠራው ፕሮፔለሩ ሲገፋ ብቻ ነው። ቆሞ ማሳለፍ ካስፈለገ አፍንጫዋን ወደ ንፋሱ አድርጎ፣ በትንሽ ጋዝ ባለችበት መያዝ ነው። ሞተር ከጠፋ ወዲያው መልሕቅ ከፊት ይጣል። ውኃው ጥልቅ ሆኖ መልሕቁ መሬት ካላገኘ ባልዲ በጠንካራ ገመድ ከፊት አስሮ መጎተት አፍንጫዋን ወደ ሞገዱ ይመልሳታል።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ቨርጂን ቤዚንን ትተነዋል። የጀልባዋ የጭነት ልክ ሰሌዳ ላይ 12 ሰው ይላል፣ እኛ 11 ነን፤ እንግዲያው በጭነት በኩል ችግር የለም ማለት ነው? የጥላ ሸራውስ ለእናታችን ፀሐይ ሲባል ተከፍቶ ይቆይ?

ሐይቅ ዳር

ሰሌዳው ላይ ከሰው ቁጥር ጎን የፓውንድ ልክ አለ። ቀድሞ የሞላው ነው የሚገዛህ። የሁሉንም ትክክለኛ ክብደት ደምር፣ ከዚያ ኩለሩን፣ ምግቡን፣ መልሕቁን ጨምር። አንድ ጋሎን ውኃ ብቻ 8.3 ፓውንድ ነው። ሰሌዳው የተሠራው ለጸጥታ ውኃ እንደሆነ ቁጠረውና ንፋስ ባለበት ቀን ከልኩ ሩቡን ባዶ ተው። በኔ ግምት ለ11 ሰው ባለሦስት ቱቦ ብትጠይቁ ይሻላል፤ የዋጋው ልዩነት ያዋጣል።

ሸራው እስከ 10 ማይል ንፋስ ይከፈት። ከዚያ በላይ ከሆነ ይታጠፍና በማሰሪያው ይታሰር፤ ሸራ ስለሆነ ጀልባዋን ወደ ጎን ይነዳታል፣ ዘንጎቹም ይጣመማሉ። ለእናታችሁ ሰፊ ባርኔጣ ያዙ።

ስትረከብ፣ ሰው ሳይገባ ዶክ ላይ ቆመህ ከኋላዋ ተመልከታት። ሁለቱ ቱቦዎች ከውኃው እኩል መውጣት አለባቸው። አንዱ ሁለት ሦስት ኢንች ከሰመጠ ውስጡ ውኃ ገብቶ ይሆናል፣ ሌላ ጀልባ ጠይቅ። የፊት በሩን መቆለፊያ ገፋ አድርገህ ሞክር። ትሪሙን ወደ ላይና ወደ ታች አስኪደው። የነዳጅ መለኪያውን እይ፤ አንድ ሦስተኛው ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛው ለመመለሻ፣ የቀረው መጠባበቂያ ነው። በሞገድ ላይ ሞተሩ ከለመድከው የበለጠ ይጠጣል። መወርወሪያ ተንሳፋፊ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ጥሩምባ፣ መልሕቅና ገመድ መኖራቸውን በእጅህ ነክተህ አረጋግጥ።

ኪል ስዊቹን (ነጂው ከቦታው ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ) ጀልባዋን የሚነዳው ሰው ሰውነቱ ላይ ያስረው። ከ26 ጫማ በታች ላሉ ጀልባዎች ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ነው። ደግሞ ከጃንዋሪ 1፣ 1983 ወዲህ የተወለድክ ከሆነ ኔቫዳ እዚህ ሐይቅ ላይ ለመንዳት የጀልባ ትምህርት ማስረጃ ትጠይቃለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ዶክ ላይ ከመስማት ዛሬ ደውለህ ጠይቅ።

እናት ዓለም

ስለ ልጆቹና ስለ እናታችን ጥቂት ልበል። ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባዋ ስትንቀሳቀስ ላይፍ ጃኬት መልበስ በሕግ ግዴታው ነው፤ በንፋስ ቀን ግን ትልቁም ይልበስ። የልጆች ጃኬት የሚመረጠው በዕድሜ አይደለም፣ በክብደት ነው፤ ከ30 እስከ 50 ፓውንድ አንድ ልክ፣ ከ50 እስከ 90 ሌላ። ዚፑን ዘግታችሁ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ጆሮው ድረስ ከወጣ ሰፊ ነው። ለአራት ዓመቱ ልጅ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይሁን። እናታችንን ዶክ ላይ ሳሉ አልብሷቸው፣ ሞገድ ሲጀምር መታገል አይሆንም። ነጠላቸው ከጃኬቱ ሥር ይግባ፣ ንፋስ ወስዶት ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል። መቀመጫቸው ከመሪው ኋላ ይሁን፣ መንገጫገጩ እዚያ ይቀንሳል።

በዚህ ሐይቅ ሰው የሚያልቅበት አንዱ መንገድ ይህ ነው፤ የፕላስቲክ መንሳፈፊያ ንፋስ ሲወስደው አንዱ ያለ ጃኬት ዘሎ ይከተለዋል። መንሳፈፊያው ከዋናተኛ ይፈጥናል፤ ጀልባዋም በንፋስ በሌላ በኩል ትሄዳለች፤ ሰውየው መሃል ላይ ይቀራል። እናንተ ያላችሁበት ዳርቻ ደግሞ ንፋሱ ወደ መሃል ሐይቅ የሚገፋበት ነው። መንሳፈፊያ ከሄደ ይሂድ። ሰው ከወደቀ አንድ ሰው በጣቱ እየጠቆመ ዓይኑን አይንቀል፣ ተንሳፋፊው ይወርወርለት፣ ነጂው ዞሮ አፍንጫዋን ወደ ንፋሱ አድርጎ የወደቀው ሰው መሪው ባለበት ጎን እንዲሆን አድርጎ ይቅረብ። አጠገቡ ስትደርሱ ሞተሩ ይጥፋ፤ ኒውትራል አይበቃም። መሰላሉ የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው።

ሞተሩ እየሠራ ልጅ ከኋላ መሰላል አጠገብ አይዋኝ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም። ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ ንፋሱ ከኋላ ከሆነም ጭሱ ወደ መቀመጫው ይገባል፤ ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ የጀመረውን ሰው የሞገድ ሕመም ነው ብላችሁ አትለፉት። የከሰል ምድጃ ይዞ ለመውጣት የሚያስብ ካለም ይተወው። ቤንዚን ታንክና ምንጣፍ ባለበት እሳት አይነድም፤ ቡናው በፔርሙዝ ይምጣ።

ጠያቂ

ባለሦስት ቱቦ አስቀይረናል። የመጨረሻ ጥያቄ፤ ኮቭ ውስጥ እንዴት ልሰራት? ስመለስስ ንፋስ ቢኖር ዶክ ላይ እንዴት ልጠጋ?

መልሕቅ

ንፋሱ ከየብስ ወደ ውኃው የሚነፍስበትን ኮቭ ምረጥ። ወደ ዳርቻው የሚገፋ ከሆነ ቱቦዎቹ ድንጋይ ላይ ይፈጫሉ። የሐይቁ ውኃ ከ2000 ወዲህ ብዙ ስለወረደ ድሮ ጥልቅ የነበረው ቋጥኝ አሁን ላዩ ድረስ ቀርቧል፤ ስትገባ ሞተሩን በትሪሙ ጥቂት ወደ ላይ አንስተህ በዝግታ፣ አንድ ሰው ከመሃል ቆሞ ውኃውን እያየልህ። መልሕቅ ሁልጊዜ ከፊት ይታሰር። ከኋላ ካሰርካት ሞተሩ ያለበት ዝቅተኛ ጎን ሞገዱን ይቀበላል፣ በዚያው ትሞላለች። ገመዱ በንፋስ ቀን ከጥልቀቱ 7 እጥፍ ይሁን፤ ለ10 ጫማ ውኃ፣ የጀልባዋን ከፍታ 2 ጫማ ጨምረህ፣ 84 ጫማ። ጫፉ ላይ 6 ጫማ ሰንሰለት ካለው መልሕቁ ተኝቶ ይነክሳል። ከዚያ ዳርቻው ላይ ሁለት ነጥብ ምረጥና ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተመልከት፤ ከተለዋወጡ መልሕቁ እየተጎተተ ነው።

ዶክ ጋ ስትደርስ፣ ከተቻለ አፍንጫዋን ወደ ንፋሱ አድርገህ ቅረብ፣ ንፋሱ ራሱ ፍሬን ይሆንልሃል። ፌንደሮቹና (ጀልባዋ ዶኩን እንዳትመታ በጎኗ የሚንጠለጠሉት ትራሶች) ገመዶቹ ገና ከውጭ ሳለህ ይዘጋጁ። ማርሽ አስገብተህ ሁለት ሰከንድ፣ ኒውትራል፣ ደግሞ ሁለት ሰከንድ፣ እንዲህ እያልክ ቅረብ። ካላማረህ ወደ ኋላ ውጣና እንደገና ጀምር። ጀልባዋንና ዶኩን በእጅ ወይም በእግር ለማራቅ ማንም አይሞክር፤ ከ2,000 ፓውንድ በላይ ነው የሚመጣው። ቀድመህ ብትደውልላቸው የማሪናው ሠራተኞች ዶክ ላይ ቆመው ገመዱን ይቀበሉሃል፤ ስልክ ግን በብዙ ኮቮች ስለማይሠራ ከኮቩ ወጥተህ ክፍት ቦታ ላይ ሆነህ ደውል።