የመንትዮች የአንጎል ትስስር ይለያያል ወይ? ምርመራውስ የልጅን ዝንባሌ ይናገራል?

ጥያቄ፦ የመንትዮች አባት፣ ኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ። ፍጹም ተመሳሳይ የሆኑ፣ ዘመድ እንኳ አንዱን በሌላው ስም የሚጠራቸው የ12 ዓመት መንትያ ወንዶች ልጆች አሉኝ። አንደኛው ቁርኣን ሲሐፍዝ አንድ ገጽ ጥቂት ጊዜ ሰምቶ ይይዘዋል፤ ሁለተኛው ለዚያው ገጽ ሳምንት ይፈጅበታል፣ ነገር ግን የተበላሸ ራዲዮ ፈትቶ በመግጠም ወንድሙ አይደርስበትም። ያደጉት በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ፣ በአንድ ኡስታዝ እጅ ነው። በቅርቡ አንድ የማከብረው ሰው የእያንዳንዱ ሰው የአንጎል ትስስር እንደ ጣት አሻራ የተለየ መሆኑ በጥናት እንደታወቀ፣ ልጆቼንም አዲስ አበባ ወስጄ ኤም አር አይ (የአንጎልን ምስል የሚያነሣ መሣሪያ) ባስነሣቸው የትኛው ለየትኛው ትምህርት እንደሚሆን እንደሚለይ ነገረኝ። ወጪው የሚከብደኝ ቢሆንም ለልጆቼ የሚበጅ ከሆነ ወደኋላ አልልም። እውነት ከሆነ ብታስረዱኝ።

መልስ፦ የነርቭ ሳይንስ ተማሪ፣ ደሴ

ጋሼ፣ የነገሩዎት ሰው ግማሹን በትክክል ነው የነገሩዎት። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ126 ሰዎችን አንጎል በ268 ክፍሎች ከፋፍለው፣ እያንዳንዱ ክፍል ከሌላው ጋር ምን ያህል አብሮ እንደሚሠራ ለኩ። ከዚህ ለአንድ ሰው 35,778 የትስስር መለኪያዎች ይገኛሉ። ከዚያም በአንዱ ቀን የተወሰደውን የአንድ ሰው መረጃ ይዘው በሌላ ቀን ከተወሰደው የሁሉም መረጃ መካከል ባለቤቱን ሲፈልጉ፣ ሰዎቹ ዕረፍት ላይ ሆነው በተነሡት ምስሎች ከ100 ከ90 በላይ በሚሆነው ጊዜ አግኝተውታል። ሰዎቹ በመሣሪያው ውስጥ ሥራ እየሠሩ በተነሡት ግን ውጤቱ ዝቅ ብሎ አንዳንዴ ወደ 54 በመቶ ወርዷል።

እዚህ ላይ «ትስስር» የሚባለው ምን እንደሆነ መለየት ይገባል። መሣሪያው የነርቭ ክሮችን አልቆጠረም፤ የለካው በየአንጎሉ ክፍል በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከቅጽበት ወደ ቅጽበት ሲለዋወጥ ነው፤ የሁለት ክፍሎች ለውጥ አብሮ ከፍና ዝቅ ካለ የተሳሰሩ ናቸው ይባላል። ሁለት ሰዎች ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ አብረው ሲወርዱና አብረው ሲመለሱ ያየ ሰው ግንኙነት እንዳላቸው ይረዳል፣ የመጡበትን መንገድ ግን አላየም። መንገዱን ማለትም የክሮቹን አቅጣጫ ለማየት የውኃ ቅንጣቶችን እንቅስቃሴ የሚከታተል ሌላ ዓይነት የኤም አር አይ አነሣሥ አለ።

ልዩነቱም በአንጎል ውስጥ እኩል አልተበተነም። ለማየትና ለመንቀሳቀስ የሚያገለግሉት ክፍሎች በሰው ሁሉ ዘንድ የሚቀራረብ ትስስር ሲኖራቸው፣ ሰውን ከሰው አጉልተው የሚለዩት ለማቀድ፣ ትኩረትን ለመያዝና የተለያየ መረጃን ለማጣመር የሚሠሩት የፊትና የጎን ክፍሎች ናቸው። እነዚህ ዘግይተው የሚጎለምሱ ክፍሎች በመሆናቸው ልምድና አስተዳደግ ለረጅም ጊዜ የሚያገኛቸው ይመስለኛል።

መልስ፦ የራዲዮሎጂ ባለሙያ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በሆስፒታል የሚታዘዘው የአንጎል ኤም አር አይ ዕጢን፣ የደም መፍሰስንና የመሳሰለውን ለማየት የሚነሣ ነው፤ ከላይ የተገለጸውን ትስስር አይለካም። በየል ጥናት ጥቅም ላይ የዋለው የዕረፍት መረጃ ከአንድ ሰው በሁለት ቀን በድምሩ ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ የተሰበሰበ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጭንቅላት ጥቂት እንኳ ከተነቃነቀ ውጤቱ ይዛባል፤ ልጆች ደግሞ ይነቃነቃሉ።

ጠያቂው፦

አላህ ይስጣችሁ። ታዲያ ልጆቼ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ሆነው ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ? ደግሞስ አሻራው ሰውን የሚለይ ከሆነ ችሎታውን ስለ ምን አይለይም?

መልስ፦ የሥነ ልቦና መምህር፣ ወልድያ

አብሽሩ ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። የፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ትስስር ከሌሎች ወንድማማቾች ይበልጥ ይቀራረባል፣ አንድ ዓይነት ግን አይሆንም። በማኅፀን ሳሉ እንኳ የሚደርሳቸው ደም እኩል ላይሆን ይችላል፤ የነርቭ ሴሎች ሲያያዙም ዘር ሁሉንም አይወስንም። ከዚያ በኋላ አንዱ የወደደውን ሲደጋግም፣ ሌላውም የራሱን ሲደጋግም ልዩነቱ ይሰፋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ወላጅ ሊሳሳትበት ይችላል። አሻራ ሰውን ከሰው ለመለየት እጅግ ጥሩ ነው፣ ስለ ሰውየው ሙያ ግን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 50,000 የሚጠጉ ሰዎችን መረጃ ያጠና ሥራ ታትሞ ነበር፤ በአንጎል መለኪያዎችና በችሎታ ወይም በጠባይ መካከል ያለው ዝምድና ብዙውን ጊዜ በጣም ትንሽ እንደሆነና አስተማማኝ ውጤት ለማግኘት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እንደሚያስፈልጉ አሳይቷል። ከሺዎች መካከል በአማካይ የሚታይ ጭላንጭል ይዞ የአንድን ልጅ ዕድል መወሰን አይቻልም። የየል ጥናትም ቢሆን ከትስስሩ ተነሥቶ የማመዛዘን ፈተና ውጤትን በመጠኑ ለመገመት ሞክሯል፤ ማን ሐፊዝ፣ ማን መካኒክ እንደሚሆን ግን አልጠየቀም። ስለዚህ ለዚህ ዓላማ ብለው ገንዘብዎን እንዳያወጡ እመክራለሁ።

ይልቅስ ሁለተኛው ልጅዎ በሕፍዙ ላይ የሚዘገየው ኡስታዙ ከሩቅ ሲያቀሩ ነው ወይስ አጠገባቸው ሲቀመጥም? ጆሮው ታምሞ የሚያውቅ ከሆነ ወይም ሲጠሩት ደጋግመው መጥራት ካስፈለገዎት፣ አዲስ አበባ ከመሄድዎ በፊት እዚያው ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ጆሮውን ያስመርምሩት።