የትምህርት ቤቱ መመሥረቻ ዓመት አራት ሆነብን፤ የቱን እንያዝ?

ጥቁር_ሰሌዳ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለች የአንዲት ትንሽ ከተማ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘንድሮ 60ኛ ዓመቱን ሊያከብር ነው፤ 40 ገጽ ገደማ የሚሆን መጽሔትም እየተዘጋጀ ነው። ዓመቱ ግን አልገጥም አለ። የበሩ ታፔላ 1958 ይላል። መዝገብ ቤት ያለው የመጀመሪያው ሮስተር (የተማሪዎች ስምና ማርክ መዝገብ) የ1960 ነው። የግንቡ ብሎክ ላይ የተጻፈው 1963 ነው። ሽማግሌዎች ደግሞ «በ1955 በኪራይ ቤት ነው የተጀመረው» ይላሉ። በዚያ ላይ ከ1976 እስከ 1983 ያለው ሮስተር በሙሉ የለም። የቱን እንያዝ? የጎደለውንስ ከየት እናምጣ?

መዝገብ_ቤት

አራቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የተለያየ ነገር ዓመት ናቸውና። ሕዝቡ አስተማሪ ቀጥሮ የጀመረበት፣ መንግሥት ተረክቦ መምህር የመደበበት፣ ሮስተር መያዝ የተጀመረበት፣ ሕንፃው ያለቀበት። በተለይ 1963ን የመመሥረቻ ዓመት አድርጋችሁ አትውሰዱ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕንፃ ሥራ ክፍል በየአገሩ ብዙ ብሎክ ሠርቷል፤ የአካባቢው ሕዝብም በገንዘብና በጉልበት ያዋጣ ነበር። ብዙ ቦታ ግንቡ የተተካው ለዓመታት ሲያገለግል በነበረ የጭቃ ቤት ቦታ ነው።

1958ን ለማረጋገጥ ሮስተር አትፈልጉ፤ የመምህራን ምደባ ደብዳቤ ፈልጉ። ሮስተር ሲያረጅ ይጣላል፣ ዝናብ ይገባበታል፣ ምስጥ ይበላዋል። የምደባ ደብዳቤ ግን የጡረታ ጉዳይ ስለሆነ ሰው አይጥለውም። በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የግል ማህደር ውስጥ ይገኛል፤ ጡረታ የወጡት መምህራንም ዋናውን ቤታቸው አስቀምጠውት ሊሆን ይችላል። ቀን፣ ቁጥር፣ ማህተምና የትምህርት ቤቱ የዚያን ጊዜ ስም አንድ ላይ አለው። ማህተሙን አጉልታችሁ አንሱት። ከ1966 በኋላ በንጉሣውያን ስም የተጠሩ ብዙ ትምህርት ቤቶች ስም ተቀይሮላቸዋል (ተፈሪ መኮንን እንጦጦ እንደሆነው)፤ ስለዚህ በዛሬው ስም ብቻ የፈለገ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ንብረት ክፍሉንም ጠይቁ። ዴስክና ጥቁር ሰሌዳ የገባበት ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ካልተቃጠለ፣ የክፍሎቹን ቁጥር ከዓመት ዓመት እያነጻጸራችሁ ታወጣላችሁ።

ሱፐርቫይዘር_ነበርኩ

የጠፋው የ1976–1983 ሮስተር በሦስት መንገድ ይሞላል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይሞላም።

ያን ጊዜ የ6ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር። የውጤት ዝርዝሩ የሚያልፈው በአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ነው። አውራጃ ሲቀር ወረቀቱ ብዙ ጊዜ እዚያው በቀድሞው የአውራጃ ከተማ በዞን ወይም በወረዳ መጋዘን ቀርቷል። ስለዚህ የዛሬው ወረዳችሁ «የለንም» ካላችሁ አትመለሱ፤ በዚያ ዘመን በየትኛው አውራጃ ሥር እንደነበራችሁ አጣሩ። በ1980 የአስተዳደር ክልሎች እንደገና ተሸንሽነዋል፤ በ1984 ደግሞ ክልል መጣ። ሁለተኛው መሸኛ ነው፦ 6ኛን ጨርሰው ወደ ሌላ ከተማ መለስተኛ 2ኛ ደረጃ የሄዱ ልጆች ካርድና መሸኛ የሚገኘው ተቀባዩ ትምህርት ቤት ነው። ሦስተኛው የወላጆች ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ነው።

በርዕሰ መምህሩ የተፈረመና ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ሳትይዙ የትም አትሂዱ። ወመዘክርም (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ብትሄዱ ያው ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ «ሙሉ አንደኛ ደረጃ የሆነው በዚህ ዓመት ነው» ብላችሁ ስትጽፉ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ጨምሩ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሥርዓቱ 6-2-4 ሆነ (አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ)፤ በ1986ቱ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ሆነ፤ አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ተመልሶ 6ኛ ላይ ቆሟል። ይህን ያልለየ መጽሔት ትምህርት ቤቱን ሦስት ጊዜ «ሙሉ» ሲያደርገው ታያላችሁ።

ፊደል_ቆጣሪ

ከመዝገብ_ቤት ጋር እስማማለሁ፤ ግን 1955ን በቀላሉ አትለፉት። ሽማግሌን «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብሎ መጠየቅ አይሠራም፤ ታፔላውን አይቶ 1958 ይላችኋል። «ከእድገት በኅብረት ዘማቾች በፊት ነው በኋላ?»፣ «እርስዎ 2ኛ ክፍል ሲሆኑ ቤቱ ቆርቆሮ ነበር ሣር?» እያላችሁ ለየብቻ ጠይቁ። ሦስት ሰው አንዱ የሌላውን ሳይሰማ አንድ ዓይነት መልስ ከሰጠ ጻፉት።

የትምህርት ግብር ደረሰኝ የሚያመጣላችሁ ሰውም አይጠፋም። ያ ግብር በአዋጅ የመጣው በ1940 ሲሆን ከባለመሬት ነበር የሚሰበሰበው። አንድ ሰው ከፈለ ማለት በከተማው ትምህርት ቤት ነበር ማለት አይደለም።

የተማሪ ብዛት ላይ ደግሞ በየዓመቱ ያለውን ሮስተር ደምራችሁ «ይህን ያህል ሺህ ተማሪ አፍርቷል» አትበሉ። ከ1ኛ እስከ 6ኛ የተማረ አንድ ልጅ ስድስት ጊዜ ይቆጠራል፣ የደገመ ደግሞ ሰባት። የመጨረሻውን ክፍል ያለፉትን ብቻ ቁጠሩ፤ ያቋረጡትን ለብቻ።

ጥቁር_ሰሌዳ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ያለውን ሮስተር በስልክ ልናነሳው ነው፤ የተቀዳደደውን በስኮች እናያይዘው? አሜሪካ ላሉት የቀድሞ ተማሪዎችም የእንግሊዝኛ ገጽ ይኖረዋል።

መዝገብ_ቤት

ስኮች በፍጹም! ሙጫው ወረቀቱን ያበልዘዋል፣ ሲላቀቅም ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ላሚኔትም አታድርጉት። ቁራጩን ከገጹ ጋር በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፤ ፍላሽ ይጥፋ፣ ስልኩ ከላይ ቀጥ ብሎ ይያዝ። መጀመሪያ ሽፋኑን፣ ከዚያ ገጹን በተራ አንሱና ፋይሉን በዓመት፣ በክፍልና በገጽ ሰይሙት፦ 1962-4ሀ-07። በቴሌግራም ስትላላኩ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩት፤ አለዚያ ጥራቱ ወርዶ የእጅ ጽሑፉ አይነበብም። የሰው ማርክና ደረጃ ስላለበት ደግሞ በይፋዊ ቻናል አትልቀቁት።

ለእንግሊዝኛው ገጽ፦ መስከረም 1958 እንደ ፈረንጆቹ 1965 ነው። 8 ጨምራችሁ 1966 ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚጨመረው 7 ነው። የትምህርት ዘመኑን በሙሉ ስትጠሩ 1965/66 በሉት። መጽሔቱ ላይ እንግዲህ «በ1955 በሕዝብ ተጀመረ፣ በ1958 መንግሥት ተረከበው» ማለት ትችላላችሁ፤ የምደባ ደብዳቤው ከተገኘ ብቻ ነው ታዲያ።