የአገር ቤት የሞተር መንጃ ፈቃድ ውጭ አገር ይቀየራል ወይስ ከዜሮ ነው?

የቀበና_ልጅ
ሰላም ለቤቱ። ፍራንክፈርት ከገባሁ አራት ወር ሞላኝ። አዲስ አበባ እያለሁ እንጀራዬ ሞተር ላይ ነበር፣ ዕቃ አደርስ ነበር። በ2011 ሰኔ ላይ ከተማው ሞተር ሲያግድ ጦሜን ልውል ምንም አልቀረኝም፤ ኋላ ፈቃድ ካገኙት ጋር ተጠግቼ ቀጠልኩ። ስለዚህ መንዳት አታስተምሩኝ፣ የቸገረኝ ወረቀቱ ነው። ያለኝ የሞተር መንጃ ፈቃድ ብቻ ነው፣ የመኪና የለኝም።

አንዱ «ስድስት ወር ንዳበት፣ ከዚያ ይቀይሩልሃል» ይለኛል። ሌላው «እዚህ ዋጋ የለውም፣ ጣለው» ይላል። አንድ መንጃ ትምህርት ቤት ሄጄ ስጠይቅ ደግሞ ሰውዬው መንጃ ፈቃዴን አገላብጦ እንኳ ሳያየው ከዜሮ ትጀምራለህ አለኝና ሙሉውን ሂሳብ ጻፈልኝ። ልቤ ወለቀ። እስራኤል ያለው የአክስቴ ልጅ በአማርኛ ተፈትኜ አወጣሁ ይላል፣ ቨርጂኒያ ያለች ጓደኛችን በሁለት ቀን ጨረስኩ ትላለች። እኔ ብቻ ነኝ ወይ ፍዳዬን የማየው? ቁርጡን የሚያውቅ ይንገረኝ።

ኦፈንባህ_ሦስተኛ_ማርሽ
ወንድሜ፣ ሁሉም ግማሽ ግማሹን ነው የነገሩህ። ኑሮህን እዚህ ካደረግክበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር በአገር ቤቱ መንዳት ትችላለህ፣ የጀርመንኛ ትርጉሙን ይዘህ። ስድስት ወሩ ካለቀ ግን ሞተሩን አቁም። ከዚያ በኋላ ቢይዙህ ያለ መንጃ ፈቃድ እንደነዳ ሰው ነው የምትቆጠረው፣ እሱ ደግሞ ወንጀል ነው እንጂ ተራ ቅጣት አይደለም። የማስቀየር መብትህ ግን ከስድስት ወሩ ጋር አብሮ አይሞትም።

አሁን ትምህርት ቤቱ ያልነገረህን ልንገርህ። ከዜሮ የሚጀምር ሰው 12 የግዴታ ልዩ ትምህርት አለበት፦ 5 ከከተማ ውጭ፣ 4 አውቶባን (ፈጣን መንገድ) ላይ፣ 3 በማታ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የሚያስቀይር ሰው ይህ ግዴታ የለበትም። ሁለቱን ፈተና ግን፣ ቲዎሪውንም ተግባሩንም፣ ታልፋለህ። የዓይን ምርመራና የመጀመሪያ ዕርዳታ ኮርስም አለ። ቲዎሪው በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ ይሰጣል፣ በአማርኛ የለም። ተግባሩን ያለ አስተማሪ መፈተን ስለማይቻል ትምህርት ቤት ያስፈልግሃል፤ ስልክ ስትደውል መጀመሪያ «ኡምሽራይቡንግ» በል፣ መንጃ ፈቃድ ማስቀየር ማለት ነው። ይህን ቃል ካልሰሙ ሁሉንም ሰው ጀማሪ ያደርጉታል። አዲሱን ሲሰጡህ የአገር ቤቱን ይወስዱታል፣ ኮፒ አስቀር።

ሌላው፣ ዕድሜህ 24 ካልሞላ ሙሉውን ኤ፣ ማንኛውንም ሞተር የሚያስነዳውን፣ አይሰጡህም፤ ኤ2 ነው የምታወጣው፣ እስከ 35 ኪሎዋት።

እና እባክህ «መንዳት አታስተምሩኝ» የሚለውን ነገር ተወው። እኔም እንዳንተ ነበርኩ። ፈተና ላይ ሄልሜትህ ውስጥ ሬዲዮ ይሰኩልሃል፤ አስተማሪውና ፈታኙ ከኋላህ በመኪና ይከተሉሃል። ጆሮዬ ላይ «ሬሽትስ» (ወደ ቀኝ) ሲለኝ መገናኛ አደባባይ እንደለመድኩት መስታወቷን ገረፍ አድርጌ ታጠፍኩ። አለቀ፣ ወደቅሁ። ሰውዬው ከኋላ የሚያየው አንገትህን ነው! ሳትታጠፍ በፊት ዞረህ ትከሻህ ላይ ካላየህ እንደ ንስር ብትበር አያሳልፍህም።

ሚሚ_አሌክሳንድሪያ
ሃሃ የሁለት ቀኗ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ውሸት አይደለም ግን ሙሉ እውነትም አይደለም። የሞተር ኮርስ ነው፤ መጀመሪያ ኦንላይን የሚነበብ አለ፣ ከዚያ ቅዳሜና እሁድ ወደ 10 ሰዓት ያህል ሜዳ ላይ። ሞተሩን እነሱ ናቸው የሚያቀርቡት። እኔ ከዚያ በፊት ብስክሌት እንኳ በቅጡ አልነዳሁም። የመጀመሪያው ልምምድ ምን መሰላችሁ? መቀመጫው ላይ ሆነሽ ፍሪሲዮኑን በትንሽ በትንሹ እየለቀቅሽ ሞተሩን ወደፊት ወደኋላ ማወዛወዝ ብቻ። ልጅ እንደማስተኛት! ግማሽ ሰዓት ሙሉ። እጄ ዝሎ ማታ እንጀራ መቁረስ አቃተኝ። መጨረሻ ላይ እዚያው ይፈትኑሻል፣ ካለፍሽ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) ዳግመኛ መንገድ ላይ አይፈትንሽም፣ መንጃ ፈቃድሽ ላይ የሞተሯ ፊደል ኤም ትጨመራለች።

የሚገርመው ለዓመታት የነዱት ነበሩ የተቸገሩት። ጠባብ ሣጥን መሬት ላይ ተሥሏል፣ እዚያ ውስጥ ስምንት ቁጥር መሥራት ነው። አንድ ትልቅ ሰውዬ፣ የራሱ ትልቅ ሞተር ያለው፣ ሦስቴ እግሩን መሬት አወረደ። ደግሞ አሜሪካ እንደየስቴቱ ነው። ቴክሳስና ፍሎሪዳ ኮርሱ ለሁሉም ግዴታ ነው፣ እኛ ጋ ቨርጂኒያ ግን ፈተናውን በቀጥታ መሞከርም ትችላለህ።

አሽዶድ_125
የአክስትህ ልጅ እውነቱን ነው። እዚህ ቲዎሪውን በአማርኛ መፈተን ይቻላል፤ 30 ጥያቄ፣ 26 መመለስ አለብህ። አማርኛው ግን የመንገድ ሕግ አማርኛ ነው፣ ቤት የምናወራው አይደለም። እኔ እዚህ ነው ያደግኩት፣ ሁለት ገጽ አንብቤ ሮጬ ወደ ዕብራይስጡ ተመለስኩ፤ እናቴ ግን ለመኪናዋ በአማርኛው ነው ያለፈችው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። እኛ ጋ ፊደሎቹ ከአውሮፓ ተገላቢጦሽ ናቸው። እስራኤል ውስጥ ኤ2 ትንሿ ናት፣ እስከ 125 ሲሲ፣ ከ16 ዓመት ጀምሮ። ኤ1 መካከለኛው ነው፣ ከ18። አውሮፓ ደግሞ ትንሿ ኤ1፣ መካከለኛው ኤ2። ስለዚህ የአክስቱ ልጅ «ኤ2 አለኝ» ሲለው ይህ ልጅ የ35 ኪሎዋቱ እንዳይመስለው። ስኩተር ነው የሚነዳው! (አትንገረው፣ እኔም ስኩተር ነው ያለኝ።)

ብሪክስተን_ዝናብ
ለንደን ያለ ካለ፦ በአገር ቤቱ 12 ወር መንዳት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የእኛ መንጃ ፈቃድ አይቀየርም፣ ፕሮቪዥናል (የተለማማጅ ፈቃድ) አውጥተህ ሲቢቲ ትገባለህ። ሲቢቲ ፈተና አይደለም፣ ብዙ ጊዜ የአንድ ቀን ሥልጠና ነው፤ 125 ሲሲ ከፊትም ከኋላም የተለማማጅ ምልክቷን ኤል ለጥፈህ ትነዳለህ፣ ሞተርዌይ (ፈጣን መንገድ) የለም፣ ሰው መጫን የለም፣ በሁለት ዓመት ይቃጠላል። ብዙ ምግብ አድራሽ ልጆች በየሁለት ዓመቱ ሲቢቲ እያደሱ ነው የሚኖሩት፣ ሙሉውን ማውጣት ይሰለቻቸዋል። ሙሉው ላይ ሞድ አንድ የሚባል ፈተና አለ። በሰዓት 50 ኪሎሜትር ገብተህ በድንገት መቆም ነው፣ ፍጥነቱን መሣሪያ ይለካል። እኔ መጀመሪያ ስሞክር ፈርቼ 46 ነው የገባሁት። ቀስ ብዬ በመንዳቴ ወደቅኩ ብል አገር ቤት ማን ያምነኛል?

የቀበና_ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ዛሬ ሌላ ትምህርት ቤት ደወልኩ፣ «ኡምሽራይቡንግ» ስላቸው ሴትዮዋ ወዲያው «ከየት አገር?» አለችኝ። ጥቂት ሰዓት ትለማመዳለህ፣ ከዚያ ፈተና፣ አለች። የመጀመሪያው ከጻፈልኝ ግማሹን አይሞላም። ከጠዋት ጀምሮ ወጥ ቤት ስገባ እንኳ ትከሻዬን እያየሁ ነው፣ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ምን ነካህ ብሎኛል።

አንድ የቀረኝ፣ ለፈተና ልብሱ ሁሉ የግድ ነው እንዴ? አዲስ አበባ ሄልሜት ካለህ ተመስገን ነበር።

ኦፈንባህ_ሦስተኛ_ማርሽ
የግድ ነው። ሄልሜት፣ ጓንት፣ የሞተር ጃኬትና ሱሪ፣ የጀርባ መከላከያ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ። ካላሟላህ ፈታኙ አያስነሳህም። ቁመትህ ስንት ነው? የኔ ጃኬት ምድር ቤት ተሰቅሎ አቧራ እየጠጣ ነው። በውስጥ ጻፍልኝ።