የበረሮው ረቂቅ ለቅዳሜ ይድረስ

ጸሐፊ፦ እንደምን ዋላችሁ የድሬዳዋ ዶሮ አርቢዎች፣ የሳቢያንም የከዚራም የመጋላም ሰፈር። ባለፈው የተባለውን በአንድ መስመር አስቀምጬዋለሁ፦ «ማኅበሩ ዱቢያ የምትባለውን የደቡብ አሜሪካ በረሮ አስመጥቶ ለዶሮ መኖ ማገዣ ያረባል።» ቅዳሜ ለጉባኤ ይቀርባል። የሚጨመር የሚቀነስ ካለ አሁን ተናገሩ።

የሳቢያኗ፦ ሐሳቡ የኔ ስለሆነ ልሟገትለት። ዱቢያ ለስላሳ ፕላስቲክ መውጣት አትችልም፤ ባልዲ ይበቃታል። እንቁላሏን ሆዷ ውስጥ አቆይታ በአንዴ 20፣ 30 ልጅ ትወልዳለች። ለመለየትም አታስቸግርም፤ ወንዱ ሙሉ ክንፍ አለው፣ የሴቷ ቁራጭ ነው። የምትወደው ሙቀት 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። ብርድ አገር ያሉ አርቢዎች ለዚህ ማሞቂያ ይገዛሉ። እኛ ድሬ ላይ በነፃ አለን።

የከዚራው፦ አቦ፣ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነፃው ሙቀት ነው። ብርድ አገር ከባልዲ ያመለጠች ዱቢያ ክረምቱን አታልፍም። ከዚራ ብታመልጥስ? ዛፍ ሥር ቅጠል ለብሳ ትወልዳለች። ከዚያ ማን ይሰበስባታል? ያለ ፈቃድ በሻንጣ ማስገባት የሚባል ነገር ደግሞ እንዳይታሰብ።

ትንሹ አባል፦ የማዳጋስካሯስ? በጎኗ ባሉት መተንፈሻዎች አየር እየገፋች የምታፏጨው። አንድ ጥንድ ብቻ፣ ለማየት።

የከዚራው፦ እሷ መስታወትም ትወጣለች። ተው።

የመጋላዋ፦ ታዲያ ለምን ደጃችን ያለችውን አናረባም? ማታ መጸዳጃ ቤት መብራት ሲበራ የምትሮጠውን ትልቋን ቀይ። ዶሮዬ ካየቻት አትምራትም።

የከዚራው፦ ኧረ እህቴ! የመጣችው ከፍሳሽ ቦይ ነው። መድኃኒት ቀምሳም ይሆናል። አምና ጎረቤት ቤት ሲረጭ፣ እየተንገዳገዱ ወደ ግቢዬ የገቡትን ዶሮዎቼ እንዳይለቅሙ ሁለት ቀን ዘግቼባቸው ነበር።

ለማንኛውም መጀመሪያ ያለንን እንወቅ። ትልቋ፣ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ የምትሆነው፣ «የአሜሪካ በረሮ» ትባላለች። ስሟ ያታልላል፤ ዘሯ ከአፍሪካ ነው፣ ወደ አሜሪካ የገባችው በመርከብ ነው። ከራሷ ኋላ ያለው ጋሻ ጠርዙ ቢጫ ነው። ወጥ ቤት የምትርመሰመሰው ትንሿ «የጀርመን» ናት። 1.5 ሳንቲ ሜትር ብትሆን ነው፤ ጋሻዋ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር አላት። የእንቁላል ከረጢቷን ሊፈለፈል እስኪቃረብ ይዛው ትዞራለች። ብዙ ሰው ትንሿን የትልቋ ልጅ ይላታል። ክንፏን እዩ፤ ክንፍ ያወጣች በረሮ ከዚያ ወዲያ አታድግም።

የመጋላዋ፦ ውይ! እኔም ልጇ ናት ስል ነው የኖርኩት።

የሳቢያኗ፦ ስም ማወቅ ዶሮ አያጠግብም እኮ። መኖ ስንት እንደገባ ረስታችኋል?

ጋሼ (ገንዘብ ያዥ)፦ እኔ አንድ ነገር ልበል። የበረሮ ኩስና ቅርፊት ሲደርቅ አስም ይቀሰቅሳል። የልጅ ልጄ በሽታው አለባት። ማንም ይርባ፣ መኝታ ቤት አጠገብ ከሆነ ግን ድምፄን አልሰጥም።

የሳቢያኗ፦ እሺ ጋሼ፣ በእሱ እስማማለሁ። ግን ዱቢያ ጨርሳ አትሰረዝ።

ጸሐፊ፦ እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «ማኅበሩ አስቀድሞ በአባላት ቤት ያሉትን በረሮዎች በወጥመድ ይዞ ዓይነታቸውን ይለያል። ከቤት የተያዘ በረሮ ለዶሮ አይሰጥም። የዱቢያ ጉዳይ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ምክርና የመንግሥት ፈቃድ ሳይገኝ አይጀመርም። እርባታ ቢፈቀድ ከመኖሪያ ቤት ተነጥሎ ይሆናል።» ወጥመዱስ እንዴት ነው?

የከዚራው፦ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ። አፉን ከውስጥ ቫዝሊን ቀቡት፤ ከገባች አትወጣም። ከታች ቢራ የነካ ዳቦ። ጠዋት ከድናችሁ ፍሪዘር ውስጥ ታሳድሩታላችሁ።

የመጋላዋ፦ ቢራው ይቅርብኝ፤ በሙዝ ልጣጭ እሞክራለሁ። ፍሪዘሩን ደግሞ ለእናቴ አንተው ንገርልኝ።

ትንሹ አባል፦ አጉሊ መነጽር እኔ አለኝ።

ጋሼ፦ ቅዳሜ ጠዋት ይሁን። ከበርጫ በኋላ ማንም አይሰማም።