ማይክሮሜትሩና ካሊፐሩ በግማሽ ሚሊ ተለያዩብኝ፤ የቱን ልመን?

ጀማሪ ቶርኖ (ቱሉ ዲምቱ)፦
ሰላም ለቤቱ። ወደ ገላን መውጫ አካባቢ አንድ ቶርኖ ቤት ሙያ እየለመድኩ ነው። አሁን የወፍጮ ሻፍት ይዣለሁ። ጫፉ ላይ 6206 ኩሽኔታ ስለሚገባ ውፍረቱ 30 ሚሊ መምጣት አለበት። በካሊፐር ስለካው 30.46 አካባቢ ነው። ከ25 እስከ 50 በሚለካው ማይክሮሜትር ግን 30.96 አነበብኩ። የማይዞረው እጀታ ላይ የግማሽ ሚሊዋ መስመር ትታየኛለች፤ ከበሮው (የሚዞረው ክፍል) ላይ ደግሞ 46 ነው። 30፣ 0.50 እና 0.46 ብዬ ደመርኳቸው። አለቃዬ መርካቶ ወርዷል፣ ባለወፍጮው በር ላይ ቆሞ ያጣድፈኛል። በየቱ ልቁረጥ?

የቃሊቲው ቶርኖ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማሽኑን አጥፋ። ባለወፍጮውንም ሻይ ጋብዘው። በ30.96 ሂሳብ ከቆረጥክ ሻፍቱ 29.5 ገደማ ሆኖ ቁጭ ይላል። ከዚያ በኋላ በብየዳ ሞልቶ እንደ አዲስ መቁረጥ ነው።

ካሊፐርህ ልክ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከበሮው አንድ ዙር ሲዞር ግማሽ ሚሊ ይሄዳል። ዙሪያው 50 ቦታ ተከፍሏል፤ አንዱ ክፍል 0.01 ሚሊ ነው። 46 ላይ ስትሆን ዙሩ ገና አላለቀም። ያቺ መስመር ግን የራሷ ውፍረት ስላላት ዙሩ ሳያልቅ ከከበሮው ጠርዝ ብቅ ትላለች። ብቅ ስላለች አትቆጠርም! የከበሮው ዜሮ እጀታው ላይ ያለውን አግድም መስመር ሲያልፍ ነው የምትቆጠረው። ከበሮው 46፣ 48 እያለህ መስመሯ ጫፏን ብቻ ካሳየችህ ተዋት። 2 ወይም 3 ካለህ ግን ደምራት። ግራሶውንም ጥረገው፤ ቆሻሻ ከሸፈናት ደግሞ በተቃራኒው ግማሽ ሚሊ ትበላሃለች።

ማይክሮሜትር የያዘ ሰው ካሊፐሩን ሲንቅ አልወድም። እኔ ትልቁን ቁጥር ከካሊፐር፣ የመጨረሻዋን ከማይክሮሜትር ነው የምወስደው።

ሰበታ ጋራዥ፦
ጋሼ ጨርሰውታል። ዜሮውንስ አይተሃል? ከ25 እስከ 50 የሚለካው ሁለት መለኪያ ፊቶቹ ስለማይገናኙ ዜሮውን የምታይበት 25 ሚሊ ዘንግ ሳጥኑ ውስጥ አለ። ሁለቱን ፊቶች በንጹህ ወረቀት ጠርገህ ዘንጉን ለካው። ስትለካ ከበሮውን ጨብጠህ አትጥበቅ፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ራቼት አዙር፣ ቀጭ ቀጭ ስትል ይበቃል።

ጀማሪ ቶርኖ፦
ዘንጉን 25.02 አለኝ። ደግሜ ብለካውም ያው ነው።

የቃሊቲው ቶርኖ፦
እንግዲያው 0.02 አስበልጦ ነው የሚያነበው። ከእያንዳንዱ ልኬት ቀንስ፤ ሻፍትህ አሁን 30.44 ነው ማለት ነው። አለቃህ ሲመጣ በቁልፉ ያስተካክለው፣ አንተ አትነካካው።

ሙቀቱንም አትርሳ። መለኪያ የሚሠራው ለ20 ዲግሪ ነው። 30 ሚሊ ብረት ከዚያ በ40 ዲግሪ ከሞቀ 0.014 ሚሊ ገደማ ያብጣል። ለዚህ ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ30.002 እስከ 30.015 ስለሆነ፣ ሙቀቱ ብቻውን ልዩነቱን ይጨርሰዋል። 30.2 ላይ ስትደርስ አቁም። ሻፍቱ እጅ ላይ ቀዝቃዛ ሲሆን ለካና የመጨረሻዋን ስስ አድርገህ ቁረጥ። ማይክሮሜትሩን ስታስቀምጥም ፊቶቹን አነካክተህ አትዝጋው፣ ትንሽ ክፍተት ተውለት።