ከእንሰት ቃጫ የሰራሁት ሲኤምሲ ውሃ ውስጥ አልሟሟ አለኝ፣ የሚያውቅ ካለ እርዱኝ

ሰላም ናችሁ፣ ጅማ ነው ያለሁት፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ ከእንሰት ቃጫ ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ (ሲኤምሲ፣ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የሚያወፍር ዱቄት) እየሰራሁ ተጣብቄ ቀረሁ። ቃጫውን በኮስቲክ ሶዳ ቀቅዬ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አነጣሁት፣ ከዛ አይሶፕሮፓኖል ውስጥ ኮስቲክ ጨምሬ ሞኖክሎሮአሴቲክ አሲድ አስገብቼ 55 ዲግሪ ላይ 3 ሰዓት አቆየሁት፣ በመጨረሻ በአሴቲክ አሲድ ኒውትራል አድርጌ በ80 ፐርሰንት ኢታኖል አጠብኩት። ዱቄቱ ሲያዩት ያምራል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ያብጥና እንደ ተልባ ይዝለገለጋል እንጂ አይሟሟም፣ ቢከሩን ወደ ብርሃን ሳዞረው ክር ክሩ ሁሉ ይታያል። ዲግሪ ኦፍ ሰብስቲትዩሽኑ (በአንድ የሴሉሎሱ ግሉኮስ ላይ በአማካይ የገባው የካርቦክሲሜቲል ብዛት) ከ0.4 በታች ሲሆን እንደማይሟሟ ገብቶኛል፣ ያልገባኝ ለምን ከፍ አልል እንዳለ ነው። ሊግኒኑ (ክሮቹን አጣብቆ የሚይዘው ነገር) በደንብ ስላልወጣ ይሆን? ቀለሙ አሁንም ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል። ወይስ ውሃው በዝቶ ሞኖክሎሮአሴቲክ አሲዱ ሴሉሎሱን ትቶ ከኮስቲኩ ጋር ሪአክት እያደረገ ግላይኮሌት (የማልፈልገው ተረፈ ምርት) እየሆነብኝ ነው? ኬሚካሉ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣልኝ፣ እንደ ልብ አይደገምም። ቃጫ ወይ ሲሳል ላይ የሰራችሁ ካላችሁ ኮስቲኩን ስንት ፐርሰንት አደረጋችሁት፣ ቃጫውንስ ምን ያህል አደቀቃችሁት? ያንኑ ዱቄት ድጋሚ ካርቦክሲሜቲሌት ማድረግስ ያዋጣል?