የካላ አዛር ታማሚ በመተማ–ጋላባት ሲሻገር መረጃው እንዴት አብሮት ይሻገር?

ወረዳ_ጤና፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ጎንደር ላላችሁ። ለመጪው የሰሊጥ ወቅት የወረዳችን የካላ አዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ በሽታ) ዕቅድ እየተዘጋጀ ነው፤ ሁለት ጉዳይ አላግባባንም። አንዱ ወገን «ሕንድና ባንግላዴሽ ቤት ለቤት ረጭተው ነው የተገላገሉት፣ እኛም የወባውን ርጭት እናስፋ» ይላል። ሁለተኛው ጉዳይ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ታክሞ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ነው። በአረብኛ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ እሱንም የሌለው አለ። ራፒድ ቴስቱ ፖዘቲቭ ሲሆን መርፌው ከዜሮ ይጀመርለታል። ትልቅ ስብሰባ ሳይጠበቅ፣ በጤና ጣቢያ አቅም ምን ማድረግ ይቻላል?

ዋልካ፦
ርጭቱን ለወባ ተዉት። ሕንድ ውስጥ በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ (ፍሌቦቶመስ አርጀንቲፐስ) ቤትና በረት ውስጥ ነክሳ ግድግዳ ላይ ስለምታርፍ ኬሚካሉ ያገኛታል። የመተማ፣ የቋራና የገዳሪፍዋ ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ ናት። ውሎዋ የዋልካው ስንጥቅና የዋጩ ግራር ሥር ነው፤ የምትነክሰውም ከቤት ውጭ፣ ማሳ ዳር የተኛውን ሰው ነው። የትኛውን ግድግዳ ልትረጩ ነው?

ገንዘቡ ኬሚካል ለተነከረ አጎበር ይዋል። ከ1999 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ሱዳን 155 መንደሮች ውስጥ 357 ሺህ አጎበር ታድሎ የታማሚው ቁጥር በ27 በመቶ ገደማ መቀነሱ ተገምቷል። ከዚያ በላይ ያልሄደበት አንዱ ምክንያት ትንኝ በሌለበት በደረቁ ወቅት ሰው አጎበሩን አጣጥፎ ማስቀመጡ ነው፤ ዝንቧ ግን የምትበዛው ያኔ ነው። ስለዚህ ዕደላውን ከወባው ጋር ነሐሴ ላይ አትደርቡት፣ መጋቢት ላይ አድርጉት። ሜዳ ላይ ለሚተኛ ሠራተኛ ደግሞ አጎበር ብቻውን ከንቱ ነው። ለእያንዳንዱ አራት እንጨትና ገመድ ይሰጠው፣ ጠርዙም ከምንጣፉ ሥር ይሸጎጥ። ዝንቧ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስለሆነች በቀዳዳው ልታልፍ ትችላለች፤ የሚያድነው ኬሚካሉ ነውና ቶሎ ቶሎ አይታጠብ፣ ፀሐይ ላይም አይሰጣ።

ጣፊያ_ላብ፦
ስለ ርጭቱ ከዋልካ ጋር ነኝ። ወደ ቴስቱ ልምጣ።

አርኬ39 የተባለው ራፒድ ቴስት የሚያየው ፀረ እንግዳ አካልን ነው፤ ሰውየው ከዳነ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ፖዘቲቭ ይላል። ስለዚህ ከጣት ደም ከመቅዳት በፊት «የካላ አዛር መርፌ ወስደህ ታውቃለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። ወስዶ ከሆነ፣ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ጣፊያው ካበጠና ወባ ካልተገኘበት፣ ጤና ጣቢያው መርፌ አይጀምር። ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ተወስዶ ጥገኛው በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይላክ። ፕላትሌቱ (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) ከ40 ሺህ በታች ከሆነ ጣፊያው አይወጋም። በተቃራኒው፣ ኔጌቲቭ ስለወጣ ብቻ ሰውየውን አትሸኙት፤ ይህ ቴስት በምሥራቅ አፍሪካ ከሕንዱ ይልቅ ብዙ ይስታል፣ ኤች አይ ቪ ሲኖር ደግሞ ይብሳል። የኤች አይ ቪ ምርመራ ለሁሉም ይደረግ።

የሕክምናውን መረጃ የያዘ ካርድ ታማሚው ኪስ ውስጥ ይሁን። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ወዲህ ከቢሮ ቢሮ የሚላክ ደብዳቤ አያስተማምንም። በአማርኛና በአረብኛ ተዘጋጅቶ ይህን ይያዝ፦ ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ወረዳ (ስም ብቻውን በሁለቱ ፊደላት ሲጻፍ ሌላ ሰው ይሆናል)፣ የቤተሰብ ስልክ፣ በመጀመሪያው ቀን የነበረ ክብደት፣ ጣፊያው ከጎድን በታች ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ፣ ምርመራው በምን እንደተረጋገጠ፣ የመድኃኒቱ ስምና የስንት ቀን እንደተወሰደ። የኤች አይ ቪ ውጤት በኮድ እንጂ በግልጽ አይጻፍ፤ ካርዱን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍም ይቅር።

ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፣ ይህን አደራ። እኛ «10/3/2016» ብለን ኅዳር ላይ የጻፍነውን ገዳሪፍ ያለው ሐኪም መጋቢት (ማርች) 2016 እ.ኤ.አ. ብሎ ያነበዋል። ትክክለኛው ኖቬምበር 20 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ተሳስቶ፣ ያገረሸበትን ሰው እንደ አዲስ ታማሚ ይቆጥረዋል።

ስቶር_አዘዞ፦
ስለ መድኃኒት። ኤስ ኤስ ጂ (ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የተባለውን መርፌ) ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ17 ቀን መስጠት ማዶም እዚህም የታወቀ ነው፤ ሊፕ የተባለው የምሥራቅ አፍሪካ የሌይሽማንያሲስ ጥምረት በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በዩጋንዳ አብሮ ፈትኖ ያመጣው ነው። ስለዚህ ካርዱ ላይ የቀኑ ቁጥር ካለ፣ ያቋረጠው ይቀጥል ወይስ እንደገና ይጀምር የሚለውን ሐኪሙ በመረጃ ይወስናል።

ለ50 ኪሎ ሰው ኤስ ኤስ ጂ በቀን 10 ሚሊ ሊትር፣ በ17 ቀን 170 ይሆናል፤ ባለ 30 ሚሊ ሊትሩ ብልቃጥ ለአንድ ሰው 6 ይያዝለት። ኤች አይ ቪ ላለበት ግን ኤስ ኤስ ጂ አይሰጥም፣ መርዛማነቱ ይበረታል። ለእሱ አምቢሶም (በደም ሥር የሚሰጥ ሊፖሶማል አምፎተሪሲን ቢ) በኪሎ 5 ሚሊ ግራም፣ በየሁለት ቀኑ 6 ጊዜ፣ የሚዋጠው ሚልቴፎሲን ደግሞ ለ28 ቀን ነው። 50 ኪሎ ለሚመዝን 30 ብልቃጥ አምቢሶም ማለት ነው፤ ወረዳዎች በጥያቄያቸው ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳንሱት ይህን ነው።

አምቢሶም ከ25 ዲግሪ በላይ አይቀመጥም፣ የመተማን ሙቀት ታውቁታላችሁ። እያንዳንዱ ብልቃጥ በ12 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውኃ ይበጠበጣል፣ ከዚያ በ5 በመቶ ዴክስትሮስ ይቀጥናል። በኖርማል ሳላይን ከቀጠነ ይዘቅጣል፣ ያ ሁሉ ብልቃጥም ይጣላል።

ወረዳ_ጤና፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጎበሩ ወደ መጋቢት ይዞራል። ሠራተኛው ከአጨዳ በኋላ ወደ በለሳና ሊቦ ከምከም ሲመለስ ካርዱን ማን ያየዋል?

ጣፊያ_ላብ፦
ከተነከሰ ከ2 እስከ 6 ወር ቆይቶ ስለሚታመም፣ ብዙው የሚወድቀው አገሩ ገብቶ ነው። ለደጋው ጤና ጣቢያ ከጥቅምት እስከ የካቲት አንድ ጥያቄ ስጡት፦ «ዘንድሮ ቆላ ወርደሃል?» ሊቦ ከምከም በ2005 እ.ኤ.አ. የታየው ወረርሽኝ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተብሎ ነበር። ካርድ ላለው ደግሞ ሕክምናው ባለቀ በ6 ወሩ ስልክ ይደወልለት፤ ትኩሳት ብቻ ሳይሆን ፊቱ ላይ ሽፍታ ወይም እብጠት ወጥቶ እንደሆነም ይጠየቅ፤ ድኅረ ካላ አዛር የቆዳ ሕመሙ በተለይ ሱዳን ውስጥ ብዙ ነው፣ ዝንቧም ከዚያ ቆዳ ጥገኛውን ትወስዳለች።